የሞተር ሳይክል ቤንዚን ታንከር አየር ሲያጣ፦ ምልክቱ፣ ጉዳቱና አጠጋገኑ

ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሞተረኛ፣ ቁልቁለቱን ጨርሶ ሜዳው ላይ ቤንዚን ሲሰጠው ሞተሩ ቢንተፋተፍና ቢጠፋበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ነው። ካንዴላው ደህና ከሆነ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ያስፈታል፤ እሱም ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ቤንዚኑ ውሃ ተቀላቅሎበታል ብሎ የሸጠለትን ሰው ይወቅሳል። የታንከሩን ክዳን የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነው።

እኔ ራሴ በዚሁ መንገድ ላይ ሦስት ሳምንት ያህል ተቸግሬያለሁ። አንድ ጋራዥ ካንዴላውን ቀየረልኝ፣ ካርቡራተሩን ሁለት ጊዜ አጠበልኝ፣ በመጨረሻም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከው ኮይል ተቃጥሏል ብሎ ሌላ ኮይል አስገዛኝ፤ ሞተሩ ግን ከተማ ውስጥ ሲሠራ ይውልና ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ይጠፋል። በአራተኛው ጊዜ እየገፋሁ የደረስኩባቸው አንድ ሸበቶ መካኒክ አንድም ብሎን ሳይፈቱ የታንከሩን ክዳን በቁልፍ ከፈቱት። ክዳኑ ሲነሳ «ፍሽሽ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሲገባ ሁለታችንም ሰማን። «ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ሞተርህ ምንም አልሆነ፤ ሰልባትዮው ትንፋሽ አጥሮት ነው» አሉኝና በእግራቸው አንድ ጊዜ ብቻ መትተው አስነሱት። ሰልባትዮ የሚሉት የቤንዚን ታንከሩን ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ግን ወጣቱ በለመደው አጠራር ታንከር እለዋለሁ።

ታንከሩ አየር የሚፈልገው ለምንድን ነው?

በአካባቢያችን በብዛት በሚታዩት ካርቡራተር ባላቸው ሞተሮች ላይ ቤንዚን ከታንከሩ ወደ ካርቡራተሩ የሚወርደው በራሱ ክብደት እንጂ በፓምፕ ተገፍቶ አይደለም። የወረደው ቤንዚን የለቀቀውን ቦታ አየር ካልተካው፣ በታንከሩ ውስጥ የቀረው አየር እየሳሳ ሄዶ ቤንዚኑን ወደ ላይ ይይዘዋል። የዘይት ጀሪካን ገልብጦ የቀዳ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል፤ አፉ በዘይት የተሞላው ጀሪካን ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይንገራገራል፣ ከበላዩ በሚስማር አንዲት ቀዳዳ ሲበጅለት ግን ዘይቱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በታንከሩ ክዳን ላይ ያለችው፣ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም የማትሰፋው ቀዳዳ ሥራዋ ይኸው ነው።

ነገሩ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ለመረዳት ቁጥሩን ማየት ይጠቅማል። በታንከሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ከካርቡራተሩ በላይ ያለው ከፍታ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ወደ ታች የሚገፋው ኃይል 2 ኪሎ ፓስካል እንኳ በቅጡ አይሞላም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆኑ፣ የአየሩ ግፊት ደሴ ላይ 75፣ ኮምቦልቻ ላይ 81 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ልዩነቱ 6 ኪሎ ፓስካል ነው ማለት ነው፤ ይህም ቤንዚኑን ከሚያወርደው ኃይል ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ደሴ ላይ ክዳኑ የታፈነ ታንከር፣ ቤንዚን ባይቀነስበት እንኳ፣ መውረዱ ብቻ ሊያንቀው ይችላል። ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ የሚወርድ ሞተረኛ ደግሞ ከደሴ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ልዩነቱ ወደ 10 ኪሎ ፓስካል ይጠጋል። ደሴ ላይ ጠጥተው በደንብ የከደኑት ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጎኑ ገባ ብሎ የሚገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። እርግጥ ነው፣ ቆላው ሞቃት በመሆኑ በታንከሩ ውስጥ ያለው አየርና የቤንዚን ትነት ሲሞቅ የተወሰነውን ጉድለት ያካክሳል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ግን ያ ማካካሻ ይጠፋል።

ሽቅብ ሲወጣ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ፣ ትነቱን ማስወጫ ያጣ ታንከር ደሴ ሲደርስ በውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው ይበልጣል። ያ ግፊት ቤንዚኑን ፍሰቱን በምትዘጋው የካርቡራተሩ መርፌ በኩል በግድ እየገፋ ሞተሩን ያጥለቀልቀዋል፤ ክዳኑን በድንገት የከፈተ ሰው ደግሞ ፊቱ ላይ ሊረጭበት ይችላል። ቆላና ደጋው እንዲህ ተጠጋግቶ ባለበት በወሎ መሬት ይህችን ቀዳዳ ችላ ማለት ሜዳ ላይ ከሚኖር ሰው ይልቅ እኛን ይጎዳናል ብዬ አምናለሁ።

በሽታውን ከሌላው መለየት

ምልክቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሞተሩ ጠዋት በደንብ ይነሳል፤ ጥቂት ከሄደ በኋላ፣ በተለይ ብዙ ቤንዚን በሚፈልግበት ዳገት ወይም ፍጥነት ላይ፣ ቤንዚን እንዳለቀበት ይንተፋተፋል፤ ወደ ሪዘርቭ (ወደ መጠባበቂያው ቤንዚን) ቢያዞሩትም ለውጥ የለውም። ቆመው ጥቂት ደቂቃ ሲጠብቁ አየር በክዳኑ ስንጥቅ ቀስ እያለ ስለሚገባ እንደገና ይነሳል፤ ኪሎ ሜትሮች ሄዶም ያንኑ ይደግማል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ግን ታንከሩ ሙሉ በሆነበት ቀን ችግሩ መባሱ ነው። በሞላ ታንከር ውስጥ ያለው አየር ግማሽ ሊትር ያህል ብቻ ቢሆን፣ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ሲወርድ አየሩ ፍሰቱን ለማቆም እስኪበቃ ድረስ ይሳሳል። አምስት ሊትር ክፍት ቦታ ባለው ታንከር ግን ለተመሳሳይ ጉድለት 120 ሚሊ ሊትር ያህል መውረድ ይኖርበታል። ስለዚህ ባለሞተሩ «ቤንዚን በሞላሁ ቁጥር ይጠፋብኛል» ብሎ ሲናገር እውነቱን ነው፤ ጥፋቱ ግን የቤንዚኑ ላይሆን ይችላል።

ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት ሳይነኩት ጆሮዎን ወደ ክዳኑ አስጠግተው ቀስ ብለው ይክፈቱት። አየር ሲገባ ከተሰማና ሞተሩ ወዲያውኑ ከተነሳ መልሱ ተገኘ። ድምፅ ካልነበረና ክዳኑ ተከፍቶም የማይነሳ ከሆነ ፍለጋውን ወደ ሌላ ያዙሩ። በሙቀት የሚደክም ኮይልም ሞተሩን በተመሳሳይ ሁኔታ ያጠፋዋል፤ ልዩነቱ ኮይሉ ክዳን በመክፈት የማይሻለውና እስኪቀዘቅዝ የሚያስጠብቅ መሆኑ ነው። ጥርጣሬ ካለ ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን በካቻቢቴ ጥቂት ላላ ያድርጉ፤ ቤንዚን በደንብ ከፈሰሰ ችግሩ ከእሳቱ (ከካንዴላው ወይም ከኮይሉ) በኩል ነው፣ ጠብታ ብቻ ከሆነ ግን ከላይ የሚመጣው ተቋርጧል። ማፍሰሻዋ በጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ እንዳታንጠባጥብ አስቀድመው ሞተሩን ያብርዱ።

ቤት ሆኖ ለማረጋገጥ የሚሻለው የጠርሙስ ሙከራ ነው። የቤንዚን ቱቦውን ከካርቡራተሩ ነቅለው ወደ አንድ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያስገቡና ክዳኑን እንደዘጉ ቤንዚኑን ይክፈቱ። ታንከሩ ጤነኛ ከሆነ አወራረዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይለወጥም። የታፈነ ከሆነ ግን እርሳስ የሚያህለው ፍሰት ወደ ክር፣ ክሩም ወደ ጠብታ ሲለወጥ በዓይንዎ ያዩታል፤ በዚያ ሰዓት ክዳኑን ሲከፍቱት ፍሰቱ መልሶ ይወፍራል። ክዳኑ ተከፍቶም ቀጭን ሆኖ ከቀረ ከቤንዚን መክፈቻው በላይ ያለው ወንፊት ወይም ፊልትሮው ተደፍኗል ማለት ነው። አንዳንድ ሞተሮች ላይ መክፈቻው የሚሠራው ሞተሩ ተነስቶ አየር ሲስብ በሚፈጠር ኃይል ስለሆነ ሞተሩ ጠፍቶ ቤንዚን ላይወርድ ይችላል፤ ይህን ሳያጣሩ ታንከሩን አይፍረዱበት።

ይህን ሁሉ ሲሠሩ የቤንዚን ትነት ከአየር እንደሚከብድና መሬት ለመሬት እየተሳበ ራቅ ወዳለ እሳት እንደሚደርስ አይርሱ። ቡና የሚፈላበት ከሰል ባለበት በረንዳ ወይም ግቢ ውስጥ ይህ ሥራ ፈጽሞ አይሠራም። ቤንዚን በአፍ ስቦ በቱቦ መቅዳትም ይቅር፤ ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ሰውን ለከባድ የሳንባ ሕመም ይዳርጋል።

ክዳኑን ፈትቶ ማጽዳት

ቀዳዳዋን የሚደፍናት ብዙ ነገር ነው፤ የጠጠር መንገድ አቧራ ከቤንዚን እርጥበት ጋር ተጣብቆ ይጋገራል፣ ላቫጆ ላይ በኃይል የሚረጨው ውሃ ጭቃ ያስገባባታል፣ ብዙ ጊዜ ቆሞ የከረመ ሞተር ክዳን ውስጥ ዝገት ይሞላል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን በሰው እጅ የሚዘጋው ነው። ጎሚኒው (የማሸጊያ ጎማው) የተቀደደ ክዳን ቤንዚን እንዳያንጠባጥብ ተብሎ ፌስታል ከሥሩ ይነጠፍበታል፣ ወይም ዙሪያውን ማስቲሽ ይቀባል፤ ያን ጊዜ ማንጠባጠቡ ይቆማል፣ አየሩም አብሮ ይቆማል።

በታንከሩ ላይ በብሎን የታሰረ ክዳን ከሆነ፣ ከመፍታትዎ በፊት የታንከሩን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ አንዲት ብሎን ታንከር ውስጥ ከወደቀች ታንከሩን አውርዶ መገልበጥ ግድ ይሆናል። ከብሎኖቹ አንዳንዶቹ ለጌጥ ብቻ የተቀመጡ ናቸውና የማይዞረውን በግድ አይታገሉት። ክዳኑ ከወጣ በኋላ ገልብጠው ከሥሩ ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች ይፍቱ፤ በውስጡ ሞላ ሽቦ፣ ትንሽ ኳስ ወይም የጎማ ቫልቭ ያገኛሉ። አንዱ አየር ወደ ውስጥ የሚያስገባ፣ ሌላው ትርፍ ትነት የሚያስወጣና ሞተሩ ሲወድቅ ቤንዚኑ እንዳይፈስ የሚዘጋ ነው። እያንዳንዱን ደረጃ በስልክዎ ፎቶ እያነሱ ይፍቱ፤ ቫልቩ ተገልብጦ ከገባ ክዳኑ ንጹሕ ሆኖም ይታፈናል።

ክፍሎቹን በጥቂት ቤንዚንና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጥቡ። ቀዳዳዋን ለመክፈት የሚሻለው ከተበጠሰ የፍሬን ገመድ የተወሰደ አንድ ዘለላ ሽቦ ነው፤ ጫፏን ቀጥ አድርገው ቀስ እያሉ እያሽከረከሩ ያስገቡት፣ የሚወጣው ቡናማ ጭቃ እስኪያልቅ ይመላልሱት። በመጨረሻም አንድ ንጹሕ ቱቦ ከውጭ በኩል ባለው ቀዳዳ ላይ ገጥመው ከብስክሌት መንፊያ ትንሽ አየር ይስጡት፤ ያለ ትግል ማለፍ አለበት። ቀዳዳዋን በመብሻ ማስፋት ግን ከመድኃኒትነቱ መርዝነቱ ያይላል፤ የዝናብ ውሃ ያስገባል፣ ሞተሩ ሲወድቅም ቤንዚን በጋለ ሲሊንደር ላይ ያፈሳል።

ጎሚኒው ካለቀ እንደ ራሱ ያለ ይፈልጉለት። ከከመነዳሪ (ከጎማ የውስጥ ላስቲክ) ተቆርጦ የሚሠራው ርካሽ ቢሆንም ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከሳምንታት በኋላም ራሱ ቀዳዳዋን ይደፍናታል። ቤንዚን የሚቋቋም የጓርኒሲዮን (የማሸጊያ) ጎማ በሜትር ከሚሸጡ የመለዋወጫ ሱቆች ማስቆረጥ ይሻላል።

ከታንከሩ ሥር ያሉት ቱቦዎች

አየሩ በክዳኑ ሳይሆን ከሥር በሚወጣ ቀጭን ቱቦ የሚገባባቸው ሞተሮችም አሉ። ከታንከሩ ሥር ሁለት ቱቦ ካገኙ አንዱ የአየር፣ ሌላው በክዳኑ ዙሪያ የሚጠራቀመውን የዝናብ ውሃ የሚያወርድ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ክዳኑ ዙሪያ ጥቂት ውሃ ያፍስሱ፤ ውሃው የወረደበት የዝናቡ ነው። ታንከሩ ወርዶ ሲገጠም የአየሩ ቱቦ በታንከሩና በሻንሲው መካከል ተጨፍልቆ መቅረቱ የተለመደ ስህተት ነውና ከጋራዥ በወጣ ማግስት የጀመረ ችግር ካለ መጀመሪያ እዚያ ይመልከቱ። ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ከማርሚታውና ከሰንሰለቱ ይራቅ፤ ሰያፍ ተደርጎ ቢቆረጥ ጭቃ ቶሎ አይደፍነውም።

የዝናቡ ቱቦ መደፈን ቀላል ነገር ይመስላል፣ ጉዳቱ ግን ረጅም ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ ሞተሩ ከቆላ ጋል ብሎ ደሴ ሲደርስ ዶፍ ወይም በረዶ ቢወርድበት ታንከሩ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው አየር ሲኮማተር በክዳኑ ዙሪያ የቆመውን ውሃ በዚያችው ቀዳዳ ይጠጣዋል። ውሃው ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፣ የታንከሩንም ወለል ከውስጥ ይበላዋል። «ቤንዚኑ ውሃ አለበት» የሚባልበት ጊዜ ሁሉ ሻጩ ጥፋተኛ አይደለም።

አሞላል

ቤንዚን በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሺህ አንድ እጅ ያህል ይሰፋል። በደሴ ብርድ ጠዋት 10 ሊትር እስከ አፉ ሞልቶ ባቲ ፀሐይ ላይ ያቆመ ሰው፣ ቤንዚኑ በ20 ዲግሪ ቢሞቅ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ከሁለት የቡና ስኒ በላይ ትርፍ ይወጣዋል። ያ ትርፍ በቀዳዳዋ እየፈሰሰ ቀለሙን ያነሳል፣ አንዳንዴም በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። ቤንዚን ለማግኘት ሰዓታት ተሰልፎ የዋለ ሰው ታንከሩን አፍ እስከ አፍ ለመሙላት መጓጓቱ ይገባኛል፤ ቢሆንም ከአንገቱ በታች 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይተዉ።

ጉዳት ከደረሰ በኋላ

ግፊት በበዛበት ታንከር ምክንያት ካርቡራተሩ ሲያጥለቀልቅ የነበረ ከሆነ፣ ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት የዘይቱን መለኪያ አውጥተው ያሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ወይም ከመስመሩ በላይ የወጣ ዘይት ቀጥኗልና ሳይቀየር መንዳት ብረቱን ማስበላት ነው። አየር ያጣ ታንከር ደግሞ ሞተሩን በትንሽ ቤንዚንና በብዙ አየር እንዲሠራ ስለሚያስገድደው ያግለዋል። ይህ በተለይ እንደ ያማሃ ዲቲ ባሉ ሁለት ምት ሞተሮች ላይ ፒስተን እስከመንከስ ያደርሳል፤ ስለዚህ እየተንተፋተፈ ያለውን ሞተር ቤንዚን እየሰጡ በግድ ለማድረስ አይሞክሩ፤ ቆም ብለው ክዳኑን ይክፈቱ።

በ6 ኪሎ ፓስካል ልዩነት፣ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የታንከር ጎን ላይ የሚያርፈው ክብደት 36 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ጠንካራ ላሜራ ይህን ይችለዋል፤ ዝገት ያሳሳው ወይም ጠፍጣፋ ጎን ያለው ግን ገባ ሊል ይችላል። የባሰው የሚደርሰው ኢንጀክሽን ባላቸው አዳዲስ ሞተሮች ላይ ነው፤ በታንከሩ ውስጥ ያለው ፓምፕ በክብደት ከሚወርደው ቤንዚን በተለየ ሳያቋርጥ ስለሚስብ ታንከሩን እንደ ባዶ ጣሳ ሊጨመድደው ይችላል።

የገባውን ጎን ከጎሚስታ ኮምፕረሰር አየር በመሙላት ለማስወጣት የሚሞክሩ ሰዎችን አይቻለሁ፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። በ3 ባር ግፊት በዚያችው 20 በ30 ሳንቲ ሜትር ጎን ላይ የሚያርፈው ኃይል 1,800 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ታንከሩ በብየዳው መስመር ይቀደዳል፣ ትነት ያለበት ከሆነም አደጋው ከብረት ቁርጥራጭ ይከፋል። ከውጭ ስቦ የሚያወጣ የቦዲ ሠራተኛ ይፈልጉ፣ ወይም ጉድጓዱን በስቱኮ ያስሞሉት።

ብየዳ የሚያስፈልገው ከሆነ ባዶ ታንከር ከሙሉው የበለጠ እንደሚፈነዳ በያጁ ፊት ደግመው ይናገሩ። ታንከሩ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ይታጠባል፣ ከዚያም ከሚበየደው ቦታ ጥቂት ዝቅ እስኪል ድረስ ውሃ ይሞላል፤ አፉም ክፍት ይተዋል። ይህን አያስፈልግም የሚል በያጅ ካጋጠመዎ ታንከሩን ይዘው ይመለሱ።

ውስጡ ለዛገ ታንከር አቼቶ ይበቃል። መክፈቻው ተነቅሎ ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ አቼቶ ሞልተው 24 ሰዓት ያቆዩት፤ ዝገቱ የከበደ ከሆነ አንድ እፍኝ ትንንሽ ዳዶ (የብሎን መያዣ) ጨምረው ያንቀጥቅጡት፣ ዳዶዎቹንም ሲጨርሱ ቆጥረው ያውጡ። ቤኪንግ ሶዳ በተጨመረበት ውሃ፣ ቀጥሎም በንጹሕ ውሃ አጥበው ወዲያውኑ ፀሐይ ላይ ያድርቁት፤ ሳይደርቅ ካደረ በአንድ ሌሊት መልሶ ይዝጋል።

ቀለም የተቀባ ታንከር ሲረከቡ ቀለሙ ማማሩን ከማየትዎ በፊት ክዳኑን ገልብጠው ቀዳዳዋን ይፈልጉ፤ ቀለም የደፈናት ከሆነ በዚያችው የፍሬን ሽቦ ይክፈቷት። ከዚያም ጠርሙሱን ይዘው፣ ክዳኑ እንደተዘጋ፣ አንድ ሊትር ሙሉ እስኪወርድ ድረስ አወራረዱ እንደማይቀጥን ቆመው ይመልከቱ።